ሰኞ ሰኞ የሚያማት ልጅ፦ የአንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ነው። በ2016 የትምህርት ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ትማር ነበር። ስሟን፣ ሰፈሯንና ትምህርት ቤቷን አልጠቅስም፤ ቤተሰቡን ለይተው ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችንም ለውጫለሁ። እናትየዋ ጉዳዩ እንዲጻፍ ስትፈቅድ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ ዋሾ አለመሆኗን ይጻፉልኝ» አለችኝ። ልጅቷ አልዋሸችም። ሆዷን በእርግጥ ያማት ነበር።

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ በትምህርት ቤቶች እየተዘዋወርሁ የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ። ልጅቷ ወደ እኔ የተላከችው ግን እንደ ታማሚ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ነው። በወረቀቷ ላይ «ከትምህርት መቅረት፣ ክፍል ጥሎ መውጣት፣ መምህራንን አለማክበር» ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው ክስ የመጣው አንድ መምህር «ምን ሆነሽ ነው የምትወጪው?» ብሎ ሲጠይቃት መልስ ስላልሰጠች ነው። ዝምታዋ እንደ ንቀት ተቆጠረባት። ብዙ ልጆች ከእጃችን የሚያመልጡት እዚህ ላይ ነው። የጨነቀው ልጅ «ጨንቆኛል» ብሎ አይመጣም። ሆዱን ወይም ራሱን ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱም ጠብ ይዞ ይመጣል። ተደባዳቢው ይቀጣል፣ ሆዱን ያመመው መድኃኒት ይገዛለታል፣ ጥግ ይዞ ዝም ያለው ደግሞ ጨዋ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ሦስቱም ጭንቀታቸውን እንደያዙ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራሉ።

ለዚህች ልጅ የተገዛላት መድኃኒት ብዙ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ፣ ሌላው አሜባ፣ ሌላው ጨጓራ ብሏታል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ በሽታው በሚዘወተርበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ የሚታመን አይደለም፤ ቀድሞ በሽታው ነክቶት የዳነ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ደም እንኳ «አለ» ሊያሰኝ ይችላል። ይህን ወላጅ ከየት ያውቃል? ወላጅ የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ውጤት ነው። እናትየዋ ሽንኩርትና በርበሬ ነግዳ ያገኘችውን ገንዘብ ለመድኃኒት ስትከፍል ከረመች። ልጅቷም መድኃኒቱን ትውጣለች፣ ለጥቂት ቀናት ደህና ትሆናለች፣ ከዚያ ደግሞ ያማታል።

አያትየዋ ዓይን በልቷታል ብለው አንድ ሼህ ዘንድ ወስደው ዱዓ አስደርገውላታል። ጎረቤት ያለችው ክርስቲያን ሴት ደግሞ ፀበል አምጥታ አጠመቀቻት። ሙስሊምና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት ወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አያትየዋም ፀበል የያዘችውን ጎረቤታቸውን ቡና አፍልተው ነው የተቀበሏት። እኔም ዱዓውንም ፀበሉንም «ተዉ» አላልሁም። ይልቁንም ሼሁን ሄጄ አነጋገርኋቸው። «ይህች ልጅ ጂን የለባትም፤ እኔ ያየሁባት ፍርሃት ነው» አሉኝ። ያን ያህል ምርመራ ተደርጎ ፍርሃት የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው። የሃይማኖት አባቶችን ከዚህ ሥራ ውጭ አድርገን የምናይ ባለሙያዎች ብዙ ዕውቀት እያባከንን ነው እላለሁ።

ፍርሃቱ የምን እንደሆነ ያገኘችው ግን የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ናት። ከ60 በላይ ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል የምትመራ ወጣት መምህርት ናት። መቼ መቼ እንደቀረች እንድናይ ስም መጥሪያውን ይዘሽ ነይ ብያት ነበር፤ እሷ ግን ከመምጣቷ በፊት ቤቷ ቁጭ ብላ ቀኖቹን በወረቀት ገልብጣቸዋለች። ልጅቷ የቀረችባቸው ቀናት ሁሉም ማለት ይቻላል ሰኞ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ማክሰኞ ይጨመርበታል። ሐሙስና ዓርብ ላይ አንድም የለም።

የምክትል ርእሰ መምህሩ የመጀመሪያ ግምት «ሰኞ የማይሰንፍ ልጅ የለም» የሚል ነበር። ነገር ግን ያልቀረችባቸው ሰኞዎችም ነበሩ፤ መምህርቷ እነሱን ለይታ ከብባቸዋለች። እናትየዋን ጠርተን በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቅናት። ትንሽ አሰበችና «ያን ሰሞን ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር፤ ባቲ አልሄድሁም» አለች። ሌላው ሰኞ ለቅሶ የዋለችበት ነው። እሷ ቤት ስትውል ልጅቷ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ እሷ ባቲ ስትሄድ የልጅቷን ሆድ ያማታል።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አፋር ቆላ ወረድ ብሎ፣ የደጋው፣ የኦሮሞውና የአፋሩ ሰው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። እናትየዋ ዕቃዋን አይሱዙ ላይ ጭና ሌሊት ትነሳለች፤ ማታ ትመለሳለች። በጥቅምት 2014 ግን አልተመለሰችም። እሑድ ቀደም ብላ ወጥታ ባቲ ለማደር ነበር ሐሳቧ። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። እሷ ከተሰደደው ሕዝብ ጋር ወደ አፋር ምድር ወረደች፤ ልጅቷና ትንሽ ወንድሟ ኮምቦልቻ ከአያታቸው ጋር ቀሩ። ሁለቱ ከተሞች ከሕወሓት ኃይሎች እጅ መውጣታቸው በመንግሥት የተገለጸው ኅዳር 27 ቀን 2014 ነው፤ እናትየዋ ቤቷ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት አያትየዋም ሆኑ ልጆቹ ትኑር ትሙት አያውቁም ነበር። አባት ሳዑዲ ዓረቢያ ነው፤ ስልኩ ካልሠራ እሱም የለም ማለት ነው።

«ታዲያ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን አመጣው?» የሚል ጥያቄ ትምህርት ቤቱም ቤተሰቡም አነሱ። መልሱ ከእናትየዋ ኑሮ ውስጥ ተገኘ። ሸቀጧ ተዘርፎ ስለነበር እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ሰፈሯ ጉሊት ላይ ነበር የምትቸረችረው። ባቲ መሄድ የጀመረችው በ2016 መስከረም ነው። ያ ጊዜ ደግሞ በክልሉ አዲስ ግጭት ተነስቶ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ «መንገድ ተዘጋ» የሚለው ወሬ እንደገና በየቤቱ የሚወራበት ወቅት ነበር። ልጅቷ ሁለቱን አንድ ላይ ሰማች።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ማጣራት ነበረብን። አንደኛው አካሏ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ አንድ ጊዜ፣ በደንብ፣ በአንድ ባለሙያ እንድትታይ አደረግን፤ ክብደቷ አልቀነሰም፣ ትኩሳት የላትም፣ ሰገራዋ ደም የለውም፣ ሕመሙ ከእንቅልፏ አይቀሰቅሳትም። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ ምርመራው ይቀጥል ነበር። ሁለተኛው የሚያስፈራት ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። በቤትም፣ በመንገድም፣ በትምህርት ቤትም የሚነካት ወይም የሚያስፈራራት ሰው እንዳለ ለብቻዋ ጠየቅኋት። ሰኞ እናት ከቤት የማትኖርበት ቀን ነውና ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ ከባድ ጥፋት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ስለ ጦርነቱ ግን መጀመሪያ ላይ አልጠየቅኋትም። አደጋ የደረሰበትን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም እንዲተርክ መጎትጎት እንደማይረዳ፣ አንዳንዴም እንደሚጎዳ በጥናት የታወቀ ነው። እርሳስና ወረቀት ሰጥቻት የሰኞን ቀን እንድትስል ጠየቅኋት። መንገድ ሳለች። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ ሰው የለም። ከዳር አንድ ጥንድ ጫማ አለ። ጫማውን ጠቁሜ «ይህስ የማን ነው?» አልኋት። «የኔ» አለች፤ ከዚያ በላይ በዚያ ቀን አልተናገረችም።

የጫማውን ነገር የነገረችኝ ቆይታ ነው፤ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ፊቴን ሳታይ ነበር የነገረችኝ። በጥቅምት 2014 እናቷ ባቲ የመሄድ ሐሳብ አልነበራትም፤ ጦርነቱ እየቀረበ ነው ስለተባለ አመንትታ ነበር። ልጅቷ ግን የትምህርት ቤት ጫማዬ ተቀዷል ብላ አለቀሰች። እናትየዋም «በቃ፣ ሰኞ ሸጬ እገዛልሻለሁ» ብላት ሄደች። «እኔ ነኝ የላክኋት» አለችኝ። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የ8 ዓመት ልጅ ሳለች ደምድማ የያዘችውን ፍርድ እስከ 11 ዓመቷ ብቻዋን ተሸክማዋለች። ልጆች በቤታቸው ለሚደርሰው ክፉ ነገር ምክንያቱ እኛ ነን ብለው ማሰባቸው የተለመደ ነው፤ አዋቂ ካልጠየቃቸው ግን አያወጡትም፤ ያልወጣ ነገር ደግሞ የሚያስተባብልለት ሰው የለውም።

በእሷ ፈቃድ ለእናትየዋ የነገርናት ሁለታችን አብረን ሆነን ነው። እናትየዋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ የሄድሁት የሽንኩርቱ ዕዳ ስለነበረብኝ ነው። ጫማውን ያልሁሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው» አለቻት። ልጅቷ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የዕለት ተዕለት ነው፤ በዝርዝር የምጽፈው ሌሎች ባለሙያዎችና መምህራን ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ ነው። መጀመሪያ ለልጅቷም ለቤተሰቡም ሕመሙን አስረዳናቸው። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሸሽ ይዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ አንጀት ይታወካል፣ ሆድ ይቆርጣል። ሕመሙ እውነት ነው፤ የሚነሳው ግን ከፍርሃት ነው። አያትየዋ ይህን ለመቀበል ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ልጄ፣ ሐሞት ፈሰሰ ይባል የለ» አሉኝ።

ቀጥሎ የእናትየዋን አወጣጥ ቀየርነው። ልጅቷ እንዳታለቅስ ብላ ሌሊት ተደብቃ ነበር የምትወጣው፤ ልጅቷ ስትነቃ አልጋው ባዶ ነው። በፍቅር የተደረገ ነገር ነው፤ ለልጅቷ ግን እያንዳንዱን ሰኞ የጥቅምቱን ሰኞ ያደርግባት ነበር። ከዚያ በኋላ እናትየዋ ቀስቅሳ፣ ተሰናብታ፣ የምትሳፈርበትን መኪናና የምትመለስበትን ሰዓት ነግራት መውጣት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሰኞዎች ለቅሶ ነበረባቸው። «ባሰባት፤ ልተወው» ብላ እናትየዋ መጥታ ነበር፤ መጀመሪያ እንደሚብስ አስቀድመን ነግረናት ስለነበር ግን ጸናች።

ከሁሉም በላይ የተከራከርንበት ነገር ተስፋ አሰጣጥ ነው። ቤተሰቡም መምህራንም «ምንም አይፈጠርም፣ መንገድ አይዘጋም በያት» ይሉ ነበር። እኔ አልፈቀድሁም። መንገድ በእርግጥ ሊዘጋ ይችላል፤ ልጅቷም ይህን ከእኛ በላይ ታውቃለች። የሚያስፈራው ነገር በሌለበት የሚፈራን ልጅ ፍርሃትህ መሠረት የለውም ማለት ይቻላል። የወሎ ልጆች ፍርሃት ግን መሠረት አለው። ለእነሱ የሚደረገው ቀዳሚ እርዳታ አደጋው አልፏል ብሎ ማሳመን ሊሆን አይችልም፤ አደጋው ቢመጣ ቤቱ ምን እንደሚያደርግ ማሳወቅና በዚያ ውስጥ ለልጁ ድርሻ መስጠት ነው። በ2014 ልጅቷን የሰበራት የእናቷ መራቅ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ምንም አለማወቁ፣ እሷም የምታደርገው ነገር አለመኖሩ ነበር።

ስለዚህ እናት፣ አያትና ልጅ ተቀምጠው አንድ ወረቀት ጻፉ። ጸሐፊዋ ልጅቷ ናት። እናት ባትመለስ ባቲ የምታድረው የማን ቤት ነው፤ ያች ሴት ስልኳ ስንት ነው፤ ስልክ ባይሠራ መልእክት በየትኛው ሹፌር በኩል ይመጣል፤ ልጆቹ ማን ጋር ያድራሉ፤ እራት ምን ይበላሉ፤ አክስቷ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ስትወጣ በእነሱ በኩል ታልፋለች ወይስ አታልፍም። የወንድሟን ልብስ ማዘጋጀት የእሷ ሥራ ሆነ። ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከእሱ የሚፈለገውን አደረገ። ሰኞ ጠዋት አያቷ እስከ በሩ ያደርሷታል፤ መምህርቷ በሩ ላይ ተቀብላ ስም መጥሪያውን ታሸክማታለች። ሆዷን ሲያማት ወደ ቤት አትላክም፤ መምህራን ክፍል ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ጥቂት ተቀምጣ ውኃ ጠጥታ ትመለሳለች። ቤት መላክ እዝነት ይመስላል፤ ግን ፍርሃቱን ልክ ነህ እያሉ ማሳደግ ነው። ከሰልፍ የዘገዩትን የማንበርከኩ ልማድም ቢያንስ በዚያ ፈረቃ ቆመ። ለመምህራኑ አጭር ውይይት ሳዘጋጅ የዓለም ጤና ድርጅትን ስሌት ነገርኋቸው፤ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ 1 የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በ60 ተማሪ ክፍል ሲታሰብ 8 ወይም 9 ልጅ ያህል ነው፤ ያውም ጦርነት ባልደረሰበት አገር ያሉትንም ጨምሮ የወጣ የዓለም አማካይ ነው። አንድ አንጋፋ መምህር ቆመው «እኛ ራሳችንስ?» ብለው ጠየቁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘረፍ እዚያው የነበሩ ናቸው። ለመምህራን የሚሆን ድጋፍ ግን ያን ጊዜም አልነበረንም።

ሼሁ የራሳቸውን ድርሻ ወሰዱ። ለአያትየዋ «ዱዓውን እኔ አደርጋለሁ፤ ልጅቱን ግን ከትምህርት አታስቀሯት» ብለው ነገሯቸው። ይህ ቃል ከእኔ ብዙ ምክር የበለጠ ሠራ። ቤቱ ውስጥ «ካልሆነላት ትተወውና ወንድሟን ትጠብቅ» የሚል ሐሳብ ጀምሮ ነበርና። በእኛ አካባቢ ከትምህርት የወጣች ሴት ልጅ ወይ ያለ ዕድሜዋ ጋብቻ ወይ የዓረብ አገር መንገድ ይጠብቃታል። በ11 ዓመቷ የሚነሳ የሆድ ቁርጠት በ15 ዓመቷ ወዴት እንደሚያደርስ ያየ ሰው «ቀስ ብሎ ይለቃታል» ብሎ አይተዋትም።

እናትየዋም ደህና አልነበረችም። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ትደነግጣለች፣ ሌሊት አትተኛም። ደሴ ወደሚገኝ የሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ላክናት፤ አንድ ጊዜ ሄዳ የመጓጓዣውና የሥራ ቀን ማጣቱ ከብዷት ተወችው። ይህ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። የእናት ፍርሃት ካልታከመ የልጇ ድኅነት ግማሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አገልግሎቱ ቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ ቢሰጥ ኖሮ ትቀጥል እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሰኞ መንገድ ተዘግቶ እናትየዋ ባቲ አደረች። ስልክ ማታ ላይ ትንሽ ሠርቶ ጠፋ። ልጅቷ ወረቀቱን አውጥታ ለአያቷ እያነበበች ያለውን አደረጉ፤ አክስቷ መጣች፣ ወንድሟ በላ፣ ተኙ። እሷ ብዙ አልተኛችም። ማክሰኞ ጠዋት ዓይኗ አብጦ ትምህርት ቤት መጣች፤ መምህርቷ በሩ ላይ ስትቀበላት «እናቴ አልመጣችም፤ ግን የት እንዳለች አውቃለሁ» አለቻት። ሁለት ክፍለ ጊዜ ተማረች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ እንደገና ገባች። እናትየዋ ከሰዓት በኋላ ደረሰች።

በዓመቱ መጨረሻ ሰኞ መቅረቷ በጣም ቀንሶ ነበር፤ ጨርሶ ግን አልቆመም። አሁንም ከእናቷ ጎን ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ አንዳንድ ሰኞም ሆዷ ይቆርጣታል። ወደ 6ኛ ክፍል ተዛውራለች። በ2017 መስከረም የክፍል ኃላፊዋ ተቀየረች፤ እኛም እናትየዋን አስፈቅደን ለአዲሱ መምህር የሚሰጥ አንድ ገጽ አዘጋጀን። ስለ ጦርነቱና ስለ ጫማው አልጻፍንበትም፤ እሱ የልጅቷ ነው። የጻፍነው ሰኞ በሩ ላይ ማን እንደሚቀበላት፣ አግዳሚው ላይ ምን ያህል እንደምትቀመጥና ሕመሙ ሲመጣ ወደ ቤት እንዳትላክ ነው። ከታች የባቲዋን ሴት አዲስ ስልክ ቁጥር ልጅቷ ራሷ ጻፈችበት።